የተፋቀው ስም



በዚህ ዓምድ የራሳችንን ጥፋት ልንናገር ነው። ባለፈው እትማችን የፊት ገጽ ላይ፣ በትንሣኤ ሌሊት ካህናቱ ጧፍ አብርተው ሲዞሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አትመን ነበር። ያገኘነው ከኢንተርኔት ነው። በግርጌው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ስም ነበረበት፤ ለገጹ ልክ ስናስተካክለው ስሙ ተቆርጦ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ከአንዲት ተሳላሚ እኅት ደብዳቤ ደረሰን። ገንዘብ አልጠየቁም። «ሌሊቱን በብርድ ቆሜ ያነሣሁት ነው፤ ስሜን ስለ ምን አጠፋችሁት?» ብለው ብቻ ጠየቁን።

ከመካከላችን «ኢንተርኔት ላይ የወጣ የሁሉም ነው» ያለ አልጠፋም። «ለአገልግሎት እንጂ ለንግድ አላዋልነውም» ያለም ነበር። ሁለቱም አያስኬዱም። በደጅ የተሰጣ እህል አላፊ አግዳሚው ሁሉ ስላየው ባለቤት አልባ አይሆንም። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የቅጂ መብት ሕግም ፎቶግራፍን ይጠብቃል፤ ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ለተነሣ ፎቶግራፍ መብቱ በአንሺው ዕድሜ ሙሉ፣ ካረፈም በኋላ ለ70 ዓመት ይጸናል። ማስመዝገብም አያስፈልግም። ከገንዘብ ጥቅሙ ለይቶም የሠሪው ስም እንዲጠቀስ፣ ሥራውም ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይለወጥ ይደነግጋል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን በቅጂ መብት ከሚጠበቁ ሥራዎች ጋር ይቆጥረዋል።

ሆኖም ይህን ለመረዳት ከሕግ በፊት የራሳችን ብራናዎች ይበቁን ነበር። ከብዙዎቹ መጻሕፍት መጨረሻ የጻፈውና ያጻፈው በጸሎት እንዲታሰቡ ስማቸው ሰፍሮ እናገኛለን። ቀጥሎም የሰረቀውና የፋቀው በአንድ ግዝት ይታሰራሉ። አባቶች ስም መፋቅን ከስርቆት ያላሳነሱት፣ ድካሙን ያፈሰሰው ሰው መታሰቢያ እንዳያጣ ነው። ያም ሆኖ የቀድሞው ስም ተፍቆ ሌላ የተጻፈባቸው ብራናዎች ዛሬም ይታያሉ። እነርሱ በምላጭ ያደረጉትን እኛ በጣታችን አደረግነው።

ይህ ማለት ግን ሳይጠይቁ የሚጠቀሙበት ፎቶግራፍ የለም ማለት አይደለም። በኢየሩሳሌም የነበረው የአሜሪካን ኮሎኒ የፎቶግራፍ ክፍል ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ያነሣቸው ሥዕሎች «የማትሰን ስብስብ» ተብለው በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም በውስጡ አሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ስብስቡን ከማተም የሚያግድ የታወቀ ገደብ እንደሌለ ያስታውቃል። «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» በሚባለው ፈቃድ የቀረቡትንም ባለቤቶቻቸው አስቀድመው ፈቅደዋቸዋል። ነገር ግን ከፈቃዶቹ አብዛኞቹ ስም መጥቀስን ያስገድዳሉ፤ አንዳንዱ ለንግድ ማዋልን፣ አንዳንዱም ለውጦ ማሰራጨትን ይከለክላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጋር ያለውን ቃል ማንበብ ይገባል። ጉግል ፎቶግራፉ ያለበትን ያሳየናል እንጂ ፈቃድ አይሰጠንም።

ከእንግዲህ የአንሺውን ማንነትና ፈቃድ ሳናረጋግጥ ፎቶግራፍ አናትምም፤ ለቀን መቁጠሪያም ሆነ ለጉባኤ ማስታወቂያ እንዲሁ። ፈቃድ ለሚያስፈልገው ሥራ ስም መጥቀስ ብቻውን ፈቃድን እንደማይተካም ተምረናል። ባለቤቱ ካልተገኘ ቦታው ባዶ ይቅር፤ ወይም ከመካከላችን ካሜራ ያለው ወጥቶ ያንሣ። ተሳላሚዎች ሆይ፣ ፎቶግራፍ ስትሰጡን ስማችሁን፣ የተነሣበትን ቀንና ለምን እንድናውለው እንደምትፈቅዱ በጽሑፍ ጨምሩልን። በገዳሙ የምትኖሩ አባቶችና እናቶችም በስልክ የደረሳችሁን ፎቶግራፍ ለኅትመት ስትልኩልን ከማን እንደመጣ ንገሩን።

እኅታችንን ይቅርታ ጠይቀናል፤ እርሳቸውም በደግነት ተቀብለውናል። በፈቃዳቸው ፎቶግራፉ ሳይቆረጥ፣ ከነስማቸው፣ በዚህ እትም የመጨረሻ ገጽ ታትሟል። ስማቸውን ስታነቡ እንደ ብራና ጸሐፊው በጸሎታችሁ አስቧቸው፤ እኛንም አትርሱን።