ያላግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ጠበቃ ቢያገኝ ነጋዴው ምን ይጎዳል?

በደሴና በኮምቦልቻ የንግድ ቤት ከፍቶ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ሁሉ አንድ ቀን ሠራተኛ ማሰናበቱ አይቀርም። አንዱ ሒሳብ ያጎድላል፤ ሌላው በየማለዳው እየዘገየ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ጥፋቱ የሠራተኛው ሳይሆን የገበያው ይሆንና ደመወዝ የሚከፈልበት ገንዘብ ይታጣል። ስንብቱ በሕግ መንገድ የተፈጸመ እንደ ሆነ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ዳሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው በቁጣ ቃል ነው። «ቁልፉን አስረክበህ ውጣ፤ ነገ እንዳትመጣ» ይባልና ሠራተኛው ባዶ እጁን ከሱቁ ይወጣል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሠራተኛው የሚያስፈልገው ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አሠሪው ደግሞ ሠራተኛው እንዲህ ያለ ሰው ባያገኝ ይመርጣል። ይህ ምርጫ ግን ለአሠሪው የሚበጅ መስሎት ነው እንጂ አይበጀውም።

በቀድሞው ዘመን ባለጉዳይ ጠበቃ ሳያሻው ራሱ ቆሞ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ «ተጠየቅ» እያለ ይሟገት ነበር። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ መንገደኛውም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይዳኛል። ይህ ወግ ዛሬም ከሰው ልብ ጨርሶ አልወጣም። ከሥራው የተባረረ ሰው እውነቱን አምርሮ ቢናገር ዳኛው እንደሚፈርድለት ያምናል። የዛሬው የሠራተኛ ክርክር ግን በአንደበት አይረታም፤ የሚረታው በቀንና በወረቀት ነው። ከወረቀቱም ቀኑ ይብሳል።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ክሱን ከተሰናበተበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ እንዲያቀርብ ያዛል። ከሥራ ውሉ መቋረጥ የሚነሣ የገንዘብ ጥያቄም በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የግብር አቤቱታው ቀን እንዳያልፍበት በጣቱ እየቆጠረ ወደ ሕግ ዐዋቂ የሚሮጥ እርሱ ራሱ ነውና። የዕለት እንጀራውን ያጣው ሠራተኛ ግን በመጀመሪያው ወር ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ወር ዘመድ ያማክራል፤ በሦስተኛው ወር ሽማግሌ ይልካል።

በወሎ ሽማግሌ የተከበረ ነው፤ መከበሩም ይገባል። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ጠብ በአንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ የሚበርድበት አገር ሽማግሌን ንቆ ወደ ፍርድ ቤት የሚሮጠውን ሰው በመልካም ዓይን አያየውም። ይሁንና «እስኪ አንድ ሳምንት ታገሡ» ሲባል የሚያልፈው ሳምንት ከሦስቱ ወር ይቀነሳል። በሕጉ መሠረት ይርጋው የሚቋረጠው የሥራ ክርክርን ለመወሰን ወይም አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው አካል አቤቱታ ሲቀርብ፣ ወይም ተከራካሪው ወገን የጥያቄውን እውነተኛነት በግልጽ ሲያምን ነው። የሽማግሌዎች ምክር ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ሽምግልናው በቅን ልቡና የሚደረግ ከሆነ አሠሪው ሠራተኛው የሚጠይቀው ገንዘብ እንዳለው በአንዲት ወረቀት አምኖ ቢፈርምለት ቀኑ ሳይበላበት መነጋገር ይቻላል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ለመፈረም እምቢ ብሎ «በሽማግሌ እንጨርሰው» የሚል አሠሪ ግን ሽማግሌዎቹን የጊዜ መግደያ አድርጓቸዋል።

ታዲያ ሠራተኛው ጠበቃ ከወዴት ያገኛል? አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ከፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ ነው። ራፖር ጸሐፊው በርካሽ ይጽፋል፤ ብዙ ሰውም ረድቷል። ነገር ግን በአንድ ማመልከቻ ላይ «ወደ ሥራዬ ልመለስ፤ ካሣም ይከፈለኝ፤ የደረሰብኝ በደልም ይታይልኝ» ብሎ ሁሉን አንድ ላይ ሲደባልቀው፣ ወይም የተሰናበተበትን ቀን ሳይጽፍ ሲቀር፣ ጥፋቱን ኋላ የሚያቀና አይገኝም። ጠበቃ ማለት የጥብቅና ፈቃድ ያለው ነው። በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለሚቆም ሰው ፈቃዱን የሚሰጠው የክልሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ስለ ሆነ፣ ባለጉዳዩ ፈቃዱን አሳየኝ ማለቱ ነውር ሊሆንበት አይገባም። የአገልግሎቱም ዋጋ በጽሑፍ ይዋዋሉበት፤ የተረታለት ገንዘብ እጁ ሳይገባ በቃል በተባለ ዋጋ ከጠበቃው ጋር የሚጣላ ሰው ሁለት ጠብ ገዝቷል ማለት ነው።

ደኅና ጠበቃ የሚታወቀው በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን አደረጉህ?» ብሎ ሳይሆን «መቼ ተሰናበትህ? ደብዳቤ ሰጥተውሃል?» ብሎ ነው። ቀጥሎም የሥራ መሪ እንደ ነበረና እንዳልነበረ ያጣራል፤ ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው የድርጅት ሥራ አስኪያጅ በዚህ አዋጅ ሳይሆን በፍትሐ ብሔር ሕግ የሚዳኝ ነውና። የጽሑፍ ውል ባይኖርም የሠራተኛው መብት አይጠፋም፤ ውሉ በቃል የተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው ቃሉን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት ሲገባው ሳይሰጥ ቢቀር ጉድለቱ የአሠሪው ነው። ስለዚህ ደመወዝ የተከፈለበት የባንክ ደረሰኝ፣ የመጋዘን መረከቢያ ቅጽ፣ አብሮ የሠራ ሰው ምስክርነት ሁሉ ይጠቅማል።

ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለውም ቢሆን መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋበትም። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ባለጉዳዮች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በፋብሪካ የሚሠራ ሰው የሠራተኛ ማኅበሩን መጠየቅ ይችላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ባል ወይም ሚስት፣ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም በውክልና ቀርበው እንዲከራከሩ ይፈቅዳል። የተማረ ወንድም ያለው ሰው ቢያንስ ቀኑ ሳያልፍ ክሱን ማስገባት ይችላል ማለት ነው።

የኮምቦልቻ ነገር ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። በዚያች ከተማ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ የቢራው ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሰው የሚያሠሩ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር እስኪለቀቁ ድረስ ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ተይዘው በቆዩባቸው ሳምንታት ንብረት ተዘረፈ፤ ሥራ ቆመ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች፤ ልብስ ለውጭ የሚልክ ሁሉ ተጎዳ። እንዲህ ባለ ጊዜ «ለጊዜው ቤታችሁ ቆዩ» የሚባለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ሕግ ዐዋቂ ብቻ ለይቶ ይነግራል። አዋጁ የሥራ ውልን ማገድንና ማቋረጥን በተለያየ አንቀጽ አስቀምጧቸዋል። ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቆም ውል ይታገዳል፤ አሠሪውም ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በ3 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ታግጃለሁ ብሎ ቤቱ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሠራተኛ በአሠሪው መዝገብ ተሰናብቶ ከተገኘ ይርጋው ያለ እርሱ ዕውቀት ሲሮጥ ከርሟል። አሠሪውም ቢሆን እገዳውን በጽሑፍ ሳያደርግ ከቀረ፣ ኋላ ማሰናበቱን ያላግባብ ነው ሲባል የሚያሳየው ማስረጃ አያገኝም።

ወደ ነጋዴው ኪስ እንመለስ ቢባል፣ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ወር 6,000 ብር የሚከፈለው፣ ላልተወሰነ ጊዜ ተቀጥሮ አራት ዓመት ያገለገለ የመጋዘን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሕግ ውጭ ተሰናበተ እንበል። ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራው አይመለስ ብሎ በካሣ ቢወስን፣ የ180 ቀን ደመወዝ 36,000 ብር፣ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ 12,000 ብር ይሆናል። የሥራ ስንብት ክፍያውም ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት በያመቱ 2,000፣ በድምሩ 12,000 ብር ነው። ጠቅላላው 60,000 ብር፣ የዐሥር ወር ደመወዝ መሆኑ ነው። ተከፋዩን ገንዘብ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሳይከፍል ስላዘገየ ደግሞ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ካለም ከዚህ በላይ ይታሰባል። አንድ የቁጣ ቃል ይህን ያህል የሚያስወጣ መሆኑን የሚያውቅ ነጋዴ ከመናገሩ በፊት ሕግ ዐዋቂ ማማከሩ አይቀርም።

ማማከሩም ብዙ አያስወጣውም። ሁልጊዜ የሚዘገየውን ሠራተኛ ማሰናበት ይቻላል፤ ሕጉ ግን በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ መዘግየቱንና በጽሑፍ መመከሩን ይጠይቃል። 5 ቀን የቀረውንም እንዲሁ። ጥፋቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ዝም ብሎ የከረመ አሠሪ በዚያ ጥፋት ማሰናበት አይችልም፤ የማሰናበቻውንም ምክንያትና ቀን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሠራተኛው የሥራ ማኅበር አባል ስለ ሆነ፣ ወይም ክስ ስላቀረበ፣ ወይም ስለ አረገዘች ማሰናበት ደግሞ በምንም ወረቀት የሚሸፈን አይደለም። ስንብት በቂ ምክንያት ያሻዋል የሚለው ሐሳብ የአንድ አገር ብቻ አይደለም፤ የዓለም የሥራ ድርጅት በ1982 እ.ኤ.አ. በወጣው ቁጥር 158 ስምምነቱ ደንግጎታል፤ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. አጽድቃዋለች።

«ጠበቃ ነገር ያባብሳል፤ ሊታረቅ የነበረውን ያካርራል» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። እንዲህ ያለ ጠበቃ አይጠፋም። ነገር ግን ሥራውን የሚያውቅ ጠበቃ፣ ዕቃ ሰርቆ የተባረረውን ሰው «ክስህ አያዋጣም» ብሎ የሚመልሰው እርሱ ነው። እውነት ያለውንም ሰው የሚያገኘውን ገንዘብ ልክ ያሳውቀዋል፤ ከዚያ በላይ መመኘቱን ይተዋል። ለአሠሪውም አንድ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ብዙ ጉዳይ በዚያ ደብዳቤ ያልቃል። ጠበቃ ያጣው ሠራተኛ ግን የሚያደርገውን አያውቅም። በየመሥሪያ ቤቱ ይንከራተታል፤ በየሻይ ቤቱ የአሠሪውን ስም ያነሣል። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ የሱቅ ስም እንዲህ ሲጎድፍ የሚያስመልሰው ፍርድ የለም።

ከዚህም ሌላ ለነጋዴው ራሱ የሚከብድ ነገር አለ። ሠራተኛውን በሕግ የሚይዝ፣ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ፣ የስንብት ክፍያ የሚከፍል ነጋዴ ወጪው ከፍ ይላል። ጎረቤቱ ደግሞ ሠራተኛውን በየዓመቱ እያባረረ፣ ጠያቂ የለብኝም ብሎ፣ ዕቃውን አርክሶ ይሸጣል። የተባረሩት ሠራተኞች ጠበቃ ባጡ ቁጥር የሚጠቀመው ይኸው ጎረቤት ነው። የሚጎዱት ደግሞ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩት ሠራተኞችና ሕግ አክባሪው ነጋዴ ናቸው።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቶቹ በደሴም በኮምቦልቻም አንድ ቀላል ነገር ቢያደርጉ ይገባል። የጥብቅና ፈቃድ ያላቸውንና የሥራ ክርክር የሚይዙትን ጠበቆች ስም፣ አድራሻና ለመጀመሪያው ምክር የሚያስከፍሉትን ዋጋ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ለአሠሪም ለሠራተኛም በሚታይ ስፍራ ይስቀሉት። የነፃ ድጋፍ የሚሰጥበትም ቦታ በዚያው ይጻፍ። የኮምቦልቻው ሠራተኛ ዳገቱን ወጥቶ ደሴ ድረስ ሄዶ ሲጠይቅ የሚያጠፋው ቀን ይቀንስለታል። አባል ነጋዴዎችም ማሰናበቻ ደብዳቤ ሲሰጡ የአገልግሎት የምስክር ወረቀቱን አብረው ቢሰጡ፣ ከደብዳቤውም ግርጌ የዚህ ሰሌዳ ስፍራ ቢጻፍበት መልካም ነው። ይህን የሚቃወም አባል ቢኖር ምክንያቱን በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ቆሞ ያስረዳ። ሰሌዳው ግን ስብሰባው እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም፤ በዚህ ሳምንት ከሥራው የተሰናበተ ሰው ቀኑን መቍጠር ጀምሯል።