ለቤት ስቱዲዮ የሚሆን ሄድፎን፦ ከቤዙ በፊት መሀሉ

በቤቱ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው ከኮምፒውተሩ ቀጥሎ ገንዘብ ሊያወጣበት የሚገባው ዕቃ ሄድፎን ነው። ስፒከር ይቅደም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ምክራቸው ግን ግድግዳው ታስቦበት ለተሠራ ስቱዲዮ እንጂ ለአርባ ምንጭ የኪራይ ክፍል አይሆንም። ሲቀላ ወይም ሴቻ ያለች ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች ክፍል ብትወሰድ፣ ሦስት ሜትር ተራርቀው በሚተያዩት ግድግዳዎች መካከል 57 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ እየተመላለሰ ይጠራቀማል። የኤሌክትሮኒክ ከበሮ፣ ማለትም የኪክ፣ ዋና ጉልበት ያለው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። አቀናባሪው ግድግዳውን ተጠግቶ ቢቀመጥ ቤዙ ይበዛበታል፤ መሀል ላይ ቢቀመጥ ይጠፋበታል። የክፍሉን ጥፋት የሙዚቃው መስሎት ደህናውን ቢት ሲቀንስና ሲጨምር ያመሻል። ሄድፎን ክፍሉን ከጨዋታ ውጪ ያደርገዋል።

ሌላም ጥቅም አለው። መብራት ሲሄድ ስፒከር ይዘጋል፣ ሄድፎን ግን በላፕቶፑ ባትሪ ሥራውን ይቀጥላል። ሌሊት ሲሠራም ጎረቤት አያማርርም።

ሄድፎን በአሠራሩ ዝግና ክፍት ተብሎ ይከፈላል። ዝጉ የጀርባው ሽፋን ድፍን ስለሆነ ድምፅ አያስወጣም፣ የውጪውንም ይከላከላል። ክፍቱ ጀርባው ወንፊት ነው፤ ዜናይዘር እ.ኤ.አ. በ1968 ኤችዲ 414ን ይዞ ሲመጣ የተጀመረ ዓይነት ነው። በክፍቱ ሲሰሙ ድምፁ ጭንቅላት ውስጥ ታምቆ አይቀርም፣ ተንፈስ ይላል፤ ለሚክሲንግ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ድምፃዊ አቁሞ ለሚቀርጽ ሰው ክፍት ሄድፎን አይሆንም፤ ከጆሮው የሚያመልጠው ቢት ማይክ ውስጥ ይገባል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብም ክፍቱ አያሠራም። ስለዚህ አንድ ሄድፎን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ዝጉን ቢመርጥ ይሻለዋል። የሶኒ ኤምዲአር 7506፣ የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም50ኤክስ እና የባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በዚህ ረድፍ ውስጥ ለዓመታት ስማቸው የቆየ ናቸው። ከክፍቶቹ የዜናይዘር ኤችዲ 600 ይጠቀሳል።

ሆኖም ከዝግና ከክፍት ይልቅ በጋሞ አካባቢ ላለ አቀናባሪ የሚያሳስበው የድምፁ መሀል ነው። ገበያው ላይ ተፈላጊው ሄድፎን ቤዙ የሚደበድበው ነው፤ ሻጩም መጀመሪያ የሚያሰማው እሱን ነው። የጋሞ ሙዚቃ ጉልበት ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ዶርዜዎች ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ እየተጠላለፈ በሚሄድበት የኅብረት ዜማቸው ይታወቃሉ፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው በሌላ መስመር ይገባበታል፣ ሌሎች ከሥር ይይዙታል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን ዜማ ቀርጾ በሸክላ አሳትሞታል። በእንዲህ ያለ ቅጂ ላይ ቢት የሚሠራ ሰው ፈተናው እነዚያን ድምፆች ሳይጨፈልቅ ማስቀመጥ ነው። የሰው ድምፅ አብዛኛው ነገር ከ200 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው መሀል ላይ ነው የሚገኘው። ቤዙ ያበጠ ሄድፎን ይህን መሀል ይሸፍነዋል፤ አቀናባሪው አራት ሰው የሰማ መስሎት ሁለቱን ብቻ ያስቀራል። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፤ የጠፉት መስመሮች ዜማው ራሱ ናቸውና።

የአገር ቤት ድምፅ ከማሽን ጋር ሲገናኝ ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳዩ ሰዎች አሉ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አስማማው። እንደገና ሙሉ እና ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ የኢትዮጵያን ዜማና መሣሪያ በኤሌክትሮኒክ ቅንብር ውስጥ አስገቡ፤ ሮፍናን ኑሪም እ.ኤ.አ. በ2018 ነጸብራቅ በተሰኘው አልበሙ ይህን ዓይነት ሥራ ለሰፊው አድማጭ አደረሰ። ከዶርዜ ወይም ከቦንኬ ድምፅ ይዞ የሚነሳ ወጣት የሚቀላቀለው እነዚህን ነው።

ወደ ሄድፎኑ ስንመለስ፣ ሣጥኑ ላይ ከሚጻፉት ቁጥሮች ትኩረት የሚያሻው ኦም የተባለው ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሄድፎኑን ለማስጮህ የሚያስፈልገው ቮልቴጅም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይገኛል፤ 250ው በተራ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ድምፁ አንሶ ይቀራል፣ ጥሩ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ወይም አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ኤችዲ 600 ደግሞ 300 ኦም ነው። ኢንተርፌስ የሌለው ሰው ከ80 በታች ባለው ይብቃው፤ 7506 በ63፣ ኤም50ኤክስ በ38 ኦም ያለ ችግር ይሠራሉ።

ብሉቱዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ድምፁ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። በደቂቃ 120 ምት ባለው ቢት አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ ስለሆነ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ የምቱን አንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ዘግይቶ ራሱን ይሰማል፤ እንዲህ ሆኖ ማንም በምት አይጫወትም።

ሙቀቱም ይታሰብበት። አርባ ምንጭ ላይ ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሰ ስፖንጅ በላብ ይርሳል፣ ውሎ አድሮም ይላላጣል። ጨርቅ ስፖንጅ ያለው ዲቲ 770 ለቆላው ይመቻል፤ የደጋማዋን የጨንቻን ሰው ግን ይህ ብዙም አያስጨንቀው። ከሁሉ በፊት ግን ስፖንጁና ገመዱ የሚቀየር መሆኑን ማየት ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ የተበጠሰ ገመድ ሥራ ሊቆም ይችላል። ታዋቂዎቹ ሞዴሎች አስመስሎ የተሠራ ቅጂ ስላላቸው፣ ዋጋው ከሚገባው በላይ የወረደ ዕቃ በጥርጣሬ ይታይ።

ሊገዛ የሄደ ሰው የሻጩን ዘፈን ሳይሆን በደንብ የሚያውቀውን ይዞ ይሂድ፤ ክራርና በርከት ያለ ተቀባይ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ከተቀባዮቹ አንዱን ለይቶ እስከ ዘፈኑ መጨረሻ መከተል ከቻለ ሄድፎኑ ለሥራው ይሆናል። ከበሮው ሲመታ ያ ድምፅ ከተዋጠበት ይለፈው።

ጥሩ ሄድፎንም ቢሆን የማይናገረው ነገር አለ። የግራው ድምፅ ለግራ ጆሮ ብቻ ስለሚደርስ የግራና የቀኙ ርቀት ከእውነቱ በላይ ይሰፋል፤ ቤዝም በደረት ስለማይሰማ መጠኑን መገመት ያስቸግራል። ስለዚህ ያለቀ ሥራ በስልክ ስፒከር፣ በባጃጅ ቴፕ፣ ከተገኘም በሞንታርቦ ይሰማ። የድምፁን ከፍታ በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጆሮው ጭው እያለ ያደረ አቀናባሪ በማግስቱ ሚክስ ባይነካ ይሻላል።