ሌሊቱን ሙሉ የተጣደ ምጣድ

ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ስናወራ ከርመን ዛሬ ወደ መኪና መዝለሌ ሳይገርማችሁ አይቀርም። ምክንያት አለኝ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እኛም ሰፈር፣ ሆጤ ደርሷል። ልጄ ሥራው ኮምቦልቻ ነው፤ ጠዋት ወርዶ ማታ ይመለሳል። አንዷን ገዝቶ ሲመጣ «የቤንዚን ሰልፍ ቀረልኝ» ብሎ ደስታው ወሰን አልነበረውም። እኔም መረቅሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ሊነጋጋ ሲል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ነቃሁ። ስንት ዓመት የሌሊት ተረኛ የነበረች ሴት አፍንጫዋ አይተኛም። ሽታውን ተከትዬ ብሄድ የልጅ ልጆቼ የተኙበት ክፍል ደረስሁ። አባታቸው የመኪናዋን ገመድ በመስኮት አስገብቶ፣ አልደርስ ሲለው በዲቫይደር ቀጥሎ፣ ዲቫይደሩን አልጋው ሥር ወሽቆታል። ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ወድቆበታል። ሮጬ ብሬከሩን አወረድሁ፤ ልጆቹን አቅፌ አወጣሁ። ዲቫይደሩ በአንድ ጎኑ ቀልጦ ጠቁሯል። ልጄ «አብሽሪ እማዬ፣ ምንም አልሆነም» ይለኛል፤ የራሱ እጅ ግን ይንቀጠቀጣል።

የጠራነው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነገሩን በአንድ ቃል አስረዳኝ፦ «እማማ፣ ይኼ እኮ ምጣድ ነው»። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ትንሹ ቻርጀር ብቻውን ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ከኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ብዙም አይርቅም። ምጣዱን ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ጋግረን እንነቅለዋለን። መኪናዋ ግን ስምንትና አሥር ሰዓት ተጥዳ ታድራለች፤ ያውም ሁላችንም ስንተኛ። ለቴሌቪዥን የተሠራ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም።

ስለዚህ ከቆጣሪው ተነሥቶ ለመኪናዋ ብቻ የሚሄድ ወፍራም መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ዝናብ የማይነካው ሶኬት ያስፈልጋል። ዲቫይደር በፍጹም። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከርም አለ፤ እሱን አስገቡ። ከሁሉ በላይ ግን የመሬት መስመሩን፣ ሠራተኞቹ ግራውንድ የሚሉትን፣ አስመርምሩ። ብዙ አሮጌ ቤት የለውም። ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ካለ አንዱ ምክንያት ይኼ ሊሆን ይችላል። «ዝም ብሎ እንዲሞላ ላታልለው» የሚል ሰው ከመጣ ሸኙት፤ በእርጥብ እጁ መኪናዋን የሚነካውን ልጅ የሚያተርፈው ያ ሽቦ ነው። ከተሰካ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሶኬቱን ፕላስቲክ፣ የልጅ ትኩሳት እንደምናየው፣ በእጅ ጀርባ ዳሰስ አድርጉ። ለብ ቢል ደግ ነው፤ ካቃጠለ ብሬከሩን አውርዳችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ለእኛ ለደሴ ሰዎች ሌላም ነገር አለ፦ ሐረጎ። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። የነዳጅ መኪና ሹፌር ሞተሩ እንዲይዝለት ማርሽ ቀንሶ ይወርዳል። የኤሌክትሪኳ ደግሞ እግር ከመስጫው ሲነሣ ሞተሯ ራሱ እንደ ጀነሬተር ሆኖ ይይዛታል፤ የሚያመነጨውንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን መመለሻ ቦታ የለም፤ መያዙ ይላላል፣ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ይግላል። እና ጠዋት ከደሴ ስትነሡ 100 ሞልታችሁ አትውረዱ፤ 80 አካባቢ ይበቃል። አንዳንድ መኪና አልፎ አልፎ እስከ 100 ይሞላ የሚል መመሪያ አለው። ያንን ኮምቦልቻ ላይ አድርጉት፤ ለዳገቱም ይጠቅማል።

ሌላው ጥገና ያን ያህል አያስቸግርም። የሞተር ዘይት መቀየር የለም። መኪናዋ ከባድ ስለሆነች ጎማ ቶሎ ይበላል፤ የፍሬን ዘይትና የባትሪው ማቀዝቀዣ ውሃ በመመሪያው ጊዜ ይታያሉ። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪም እንዳትረሳ። ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ ከፍተኛ ኃይል ነው፤ የሰፈር መካኒክም ቢሆን አይንካው። ሆዷን ድንጋይ ከመታት ሳይውል ሳያድር አስመርምሩ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ልጅ ኤሌክትሪክ ቢይዘው እጁን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ካልተተነፈሰ ደረቱን መጫን ጀምሩ፣ ሰውም ጩኸታችሁ ጥሩ። ተነሥቶ ቢስቅላችሁ እንኳ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ልብ ምቱ መታየት አለበት። ከመኪናዋ ሥር ጭስ ከወጣ ደግሞ በባልዲ ውሃ አትታገሉ። ጭሱ መርዝ ነው፤ ሁሉንም ሰው አርቃችሁ እሳት አደጋ ጥሩ፣ የኤሌክትሪክ መኪና መሆኗንም ንገሯቸው። የጠፋ ባትሪ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊነሣ ስለሚችል ቤት አጠገብ አትመልሷት።

እኔን እስካሁን የሚያስፈራኝ ግን ዝምታዋ ነው። ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ስትሄድ እምብዛም አትሰማም። እኛ ቤት ሕግ አውጥተናል፦ ልጆቹ በትልቅ ሰው እጅ ካልተያዙ አትነቃነቅም።

ሶኬቱ አሁን በረንዳው ሥር ተተክሏል። የቀለጠውን ዲቫይደር ግን አልጣልሁትም፤ ቡና ሊጠጣ የሚመጣ ጎረቤት መኪና ልንገዛ ነው ባለ ቁጥር አውጥቼ አሳየዋለሁ።