«ዘራቸው ነው» ማለት ይብቃን

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ በነጠላዋ ጫፍ ወረንጦ ቋጥራ የምትዞር እናት ብርቅ አይደለችም። የዐይኗ ቆብ ተቀልብሶ ሽፋሽፍቱ ብሌኗን ሲወጋት ትነቅለዋለች፤ ሲበቅል ደግሞ እንደ ገና ይወጋታል። ስለ ምን እንዲህ ሆነች ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ዘራቸው ነው፤ እናቷም እንዲሁ ነበረች» ይባላል። እኛ ግን ይህ መልስ የወገናችንን ዐይን እያጠፋ ነው እንላለን።

በሽታው የዐይን ማዝ፣ በሌላ ስሙ ትራኮማ ነው። የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ ሲሆን፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የቆቡን ውስጥ ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲጠግግ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካላቸው ልጆች ከ100ው 62 ያህሉ ማዝ ተገኝቶባቸዋል። ይህን ያህል ልጅ የያዘ በሽታ የጥቂት ቤተ ሰብ ዘር ነውን?

ዘር ከቶ ድርሻ የለውም አንልም። በጋምቢያ ተደርጎ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር፣ ብግነትን ከሚያዝዙት ጂኖች አንዱ ለየት ያለ መልክ ያለው ሰው ለጠባሳ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ጂኑ ጠባሳውን ያከብደው ይሆናል እንጂ ተሕዋሱን አይወልደውም።

ማስረጃ የሚሻ አውሮፓን ይመልከት። ናፖሊዮን በ1798 እ.ኤ.አ. ግብጽ ከዘመተ በኋላ በሽታው ከወታደሮች ጋር ወደ አውሮፓ ተዛምቶ ነበር። በ1805 እ.ኤ.አ. በለንደን የሙርፊልድስ የዐይን ሆስፒታል የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዛሬ የእንግሊዝ ልጅ ማዝን አያውቀውም። የእንግሊዝ ዘር ተለወጠን? የተለወጠው ውኃው፣ ቤቱና መጸዳጃው ነው።

በደጋችንም ማዝ በቤተ ሰብ የሚሄደው፣ ቤተ ሰቡ አንድ ባና ለብሶ ስለሚተኛ፣ በአንድ ጨርቅ ፊቱን ስለሚጠርግ ነው። ከወንድ ይልቅ ሴት የምትጎዳውም ሕፃን አቃፊዋ እርሷ ስለ ሆነች ነው።

አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በክልሉ ለዓመታት ታድሏል፤ ሆኖም በብዙ ወረዳዎች በሽታው አልጠፋም። የዳነው ልጅ ወደዚያው ጨርቅና ወደዚያው ዝንብ ይመለሳልና! «ልጆቻችሁን ፊት አጥቡ» ብሎ መስበክም ቀላል ነው። ውኃ ከገደል ሥር በጀርባዋ ተሸክማ ለምታወጣ እናት ግን ስብከቱ ስድብ ይሆንባታል። ስለዚህ ባለ ሥልጣኖች ከምክሩ በፊት ውኃውን ያድርሱ።

እኛም ተማሪዎች ለዕረፍት ስንገባ ሥራ አለን። ወረንጦ የያዘችውን እናት ሳትታወር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት። የቆቡ ቀዶ ሕክምና ቀላል ነው፤ የጠፋ ብርሃን ግን አይመልስም። «ዘሬ ነው» ስትለንም፣ እንዳልሆነ በትሕትና እናስረዳት። ዘሬ ነው ያለ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣልና።