ስልኩን ለያዘው የሚያደላ ሙፍቲ

ዘንድሮ በየካቲት ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾምን በጀመሩ በጥቂት ቀናት ልዩነት እኛም የ1447 ዓመተ ሒጅራን ረመዳን ተቀበልን፤ አልሐምዱሊላህ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መስጂዶች የምናገለግል ኢማሞችና ኡስታዞች በዚህ ወር ከተራዊሕ በኋላ ለጥያቄ መቀመጥ የቆየ ልማዳችን ነው። ጥያቄው ብዙም አልተለወጠም። አጠያየቁ ግን ተለውጧል። ድሮ ሰው ‹‹ሸይኻችን፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጠመኝ›› ብሎ ይጀምር ነበር። አሁን ስልኩን ያወጣና ‹‹እሱ እንዲህ ብሎኛል፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?›› ይላል። ‹‹እሱ›› የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ወጣቶቹ በአጭሩ ኤአይ የሚሉት ነው።

ከጥያቄው ጋር አቤቱታም ይመጣል። ወጣቶቻችን ‹‹ይህ ነገር ሙስሊምን አይወድም፤ ስለ ኒካሕ ስንጠይቀው ይገሥጸናል፣ ስለ ሌላው ሃይማኖት ሲጠየቅ ግን በአክብሮት ይመልሳል›› ይላሉ። የሚገርመው ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ተቃራኒውን ሲያማርሩ መስማታችን ነው። እነሱ ደግሞ ‹‹ስለ እስልምና ሲጠየቅ ይፈራል፤ የእኛን እንደልቡ ይተቻል›› ይላሉ። ሁለቱም ወገን አንድ ባጃጅ ላይ ተሳፍሮ ተበደልኩ ሲል የሰማ ሰው ዳኛው ማን እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

የወጣቶቹ ስሞታ ግን ከባዶ የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አቡበከር አቢድና ባልደረቦቹ ጂፒቲ-3 የተባለውን የዚያን ጊዜ ሥርዓት ፈትነውት ነበር። ሁለት ሙስሊሞች ወደ አንድ ቦታ ሲገቡ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር ሰጥተው 100 ጊዜ እንዲጨርሰው አደረጉ። 66 ጊዜ የጨረሰው በግድያ ወይም በሌላ ዓይነት ዓመፅ ነበር። በሙስሊም ፋንታ የሌላ እምነት ተከታዮች ሲገቡ ቁጥሩ በእጅጉ ቀነሰ። ማሽኑ ይህንን ከራሱ አላመነጨውም፤ ሰዎች ከጻፉት ነው የተማረው። ዛሬ በወጣቶቻችን እጅ ያሉት እንዲያ በግላጭ ሲናገሩ አላየንም፤ የቀረው ዝንባሌ ካለም ተመራማሪዎች ይከታተሉታል።

በኒካሕና በፍቺ ጉዳይ እኛን የሚያሰጋን ግን ሌላ አድልዎ ነው። ማሽኑ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ይልቅ የሚያደላው ስልኩን ለያዘው ሰው ነው።

ባለፈው ሻዕባን ከሱሉልታ ባልና ሚስት መጡ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጠናል። በቤት ኪራይ ምክንያት ተጣልተው ባል በንዴት የፍቺን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ተናግሯል። በማግስቱ አንዱ ከሌላው ተደብቆ ሁለቱም ስልካቸውን ጠየቁ። ባል ‹‹ተናድጄ ነው፣ ሚስቴን እወዳታለሁ፣ ልጆች አሉን›› ብሎ ጻፈ። የመጣለት መልስ በአንድ ጊዜ የተነገረ ሦስት ፍቺ እንደ አንድ የሚቆጠርበት የዑለማ አቋም እንዳለና ሚስቱን መመለስ እንደሚችል የሚገልጽ፣ የሚያጽናና ነበር። ሚስት ደግሞ ‹‹ሁልጊዜ ይጮህብኛል፣ ደክሞኛል፣ ሦስት ጊዜ ፈታኝ›› ብላ ጻፈች። ለእሷ የተነገራት ብዙኃኑ ዑለማ ሦስቱም ይጸናሉ እንደሚሉ፣ ከእንግዲህ ለእሱ እንደማትፈቀድና ለራሷ ሰላም ቅድሚያ እንድትሰጥ ነው።

ሁለቱም መልሶች ከኪታብ የወጡ ናቸው። ሚስት የተነገራት የአራቱ መዝሀቦች የታወቀው አቋም ነው። ባል የተነገረው የኢብን ተይሚያና እሳቸውን የተከተሉ ዑለማ አቋም ነው። ማሽኑ አልዋሸም። ለእያንዳንዳቸው ልባቸው ያዘነበለበትን መርጦ ሰጣቸው እንጂ።

ስልክ እንዲቀያየሩ አደረግን። ባል የሚስቱን ብሶት በእሷ አንደበት እንዲጽፍ፣ ሚስትም የባሏን ጸጸት በእሱ አንደበት እንድትጽፍ ነገርናቸው። መልሱ ተገለበጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተያይተው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሥራችን የገባነው። ከዚህ በፊት ፍቺ ነበር ወይ? ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቃል ሲናገር ሌላ ፍቺ ለመጨመር ነው ወይስ የመጀመሪያውን ለማጠንከር? በሻፊዒይ መዝሀብ ቃሉን የደገመው ለማጠንከር ብቻ ከሆነ እንደ አንድ ይታያል፤ ለመጨመር ከሆነ ሦስት ነው። ጉዳዩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች ጥያቄ ላይ ሆኖ ሳለ ከሁለቱ ስልኮች አንዱም አልጠየቃትም። ለየብቻ ጠየቅናቸው፤ የሁለቱም ቃል ገጠመ። ሱረቱ ኒሳእ እንደሚያዝዘው ከእሱ ቤተሰብ አንድ፣ ከእሷ ቤተሰብ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። ሴትዮዋ ወደ ቤቷ የተመለሰችው ባልየው ስለ ጩኸቱ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ከገባ በኋላ ነው።

በሱረቱ ሷድ የነቢዩላህ ዳውድን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናነባለን። ሁለት ባለጉዳዮች አጥር ተንጠላጥለው ሚሕራባቸው ድረስ ገቡ። አንደኛው፣ 99 ሴት በጎች ያሉት ወንድሙ የእሱን አንዲቷን እንደጠየቀው ተናገረ። ዳውድም በደል መሆኑን ተናገሩ፤ ወዲያው ፈተና እንደሆነ ገባቸውና ለጌታቸው በሱጁድ ወደቁ። ከሙፈሲሮች መካከል የፈተናው ምሥጢር ሌላኛው ወገን ሳይሰማ መፈረዱ ነው ያሉ አሉ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊይን (ረ.ዐ) ለዳኝነት ወደ የመን ሲልኳቸው የሁለተኛውን ቃል ሳይሰሙ ለመጀመሪያው እንዳይፈርዱ አዘዋቸዋል። ነቢይ የተፈተነበትን፣ ሰሐባ የተመከረበትን ነገር ማሽን ያለ ምክር ሊወጣው አይችልም። ሌላኛው ወገን ፈጽሞ አይመጣለትም፤ አጥር ዘሎ የሚገባው ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ይህን እኛ ብቻ ያልነው አይደለም። ኦፕን ኤአይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ያወጣውን ማሻሻያ በቀናት ውስጥ መልሶ አንሥቷል። ምክንያቱ ማሽኑ ጠያቂውን ከመጠን በላይ የሚያሞካሽና ባለው ሁሉ የሚስማማ ሆኖ መገኘቱ ነበር። በመልሱ ግርጌ ‹‹ዓሊም ያማክሩ›› የሚል መስመር እንደሚጨምር እናውቃለን። ሰው ግን የፈለገውን ከላይ ካገኘ እስከ ግርጌ አያነብም።

ቋንቋውም የራሱ ጣጣ አለው። በሰበታ አንዲት የምታጠባ እህት ጾም ለእሷ ግዴታ መሆኑን በአማርኛ ጠየቀች። መልሱ ስለ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ተርኮ ንስሐ አባቷን እንድታማክር መከራት! ሳቅን። ነገሩ ተንኮል አይደለም፤ በአማርኛ ‹‹ጾም›› የሚለው ቃል በብዛት የተጻፈው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ነው። ማሽኑ የሚማርበት የአማርኛ ጽሑፍ ራሱ ጥቂት ነው፤ የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15 ሺህ ገደማ ርዕሶች ሲኖሩት የእንግሊዝኛው 7 ሚሊዮን ገደማ አለው። ቁርኣን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደ አማርኛ ተመልሷል። የወሎ ዑለማ ግን ትምህርታቸውን በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ በዐጀም ነው ያቆዩልን። የሸይኽ ጦልሓ ጃዕፈር መንዙማ፣ በዳና፣ በሾንኬና በጌታ የተቀዱ ኪታቦች በአብዛኛው በየቤቱ፣ በየመድረሳው ሣጥን ውስጥ ናቸው። ማሽኑ አላያቸውም።

ያችው እህት በእንግሊዝኛ ስትጠይቅ ደግሞ መልሱ ከዐረቡ ዓለም ይመጣል። ያጎደለችውን ትክፈል፣ ያ ብቻ ይበቃል ይላታል። ይህ የሐነፊይ መዝሀብ ነው። በሻፊዒይ ግን ጾሙን የተወችው ለራሷ ሳይሆን ለልጁ ብቻ ፈርታ ከሆነ፣ ከመክፈሉ ጋር ለየቀኑ ፊድያ አለባት። የኒካሕ ወሊይም እንዲሁ ነው። በሻፊዒይ ያለ ወሊይ ኒካሕ የለም፤ በሐነፊይ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት ራሷን ልታጋባ ትችላለች። በከተሞቻችን ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ፣ ከስልጤና ከጉራጌ የመጣ ሰው ጎን ለጎን ይኖራል፤ በአገራችን ሻፊዒይ፣ ሐነፊይና ማሊኪይ ሦስቱም አሉ። አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ‹‹አባቴ እምቢ ቢል ማግባት እችላለሁ?›› ስትል፣ መዝሀቧንም የአባቷንም ምክንያት ያልጠየቀ መልስ የቤተሰብ እሳት ይጭራል። አባት ያለ በቂ ምክንያት ሲከለክል ጉዳዩ ወደ ቃዲ የሚሄድበት መንገድ በሻፊዒይም አለ። ይህንን ግን ጉዳዩን የሰማ ሰው ነው የሚያሳያት።

የምንኖርበት ቦታም ማሽኑን ያደናግራል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ሸገር ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ነው። አስኮን አልፎ ቡራዩ የገባ ሰው በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው የተጓዘው፤ በሕግ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ተሻግሯል። ለአዲስ አበባ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ማሽኑ ለቡራዩዋ ሴት የሚያነብላት የአዲስ አበባውን ነው። ከሁሉ የባሰው ዒዳን ከሕጉ ጋር ሲያደባልቅ ነው። የፌዴራሉ ሕግ የፈታች ሴት እንደገና ለማግባት 180 ቀን እንድትቆይ ይላል፣ ልጅ ከወለደች ወይም እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ደግሞ ይነሣላታል። ዒዳ ግን ለተፈታች ሦስት ቁሩእ፣ ለእርጉዝ እስክትወልድ፣ ባሏ ለሞተባት አራት ወር ከዐሥር ቀን ነው። የሕክምና ወረቀት ዒዳን አያሳጥርም፤ ዒዳ ማለቁም በመዘጋጃ ቤት የሕጉን ቀን አይተካም። ሁለቱንም መጠበቅ አለባት። የሸሪዓ ፍርድ ቤትን በተመለከተም ‹‹ሙስሊም ስለሆንሽ ግዴታሽ ነው›› ተብላ የመጣች አለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ያስቀመጠው የሁለቱንም ተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። ባል ስለፈለገ ብቻ አትገደድም፤ እሷ ስለፈለገችም እሱ አይገደድም።

ከመካከላችን ‹‹ጨርሶ ይከልከል›› የሚሉ አሉ። አንስማማም። የአንቀጽ ቁጥር ለማፈላለግ፣ የዐረብኛ ቃል ለመፍታት፣ የሶላት ሰዓት ለማየት ይጠቅማል። ሐዲስ ላይ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ‹‹ቡኻሪ ዘግበውታል›› ብሎ ቁጥር የሰጠውን ኪታቡን ገልጠን ያጣንበት ጊዜ አለ። ደግሞስ ከልክለን ሴቶቹን ወዴት ልንልካቸው ነው? ስለ ሐይድ፣ ስለ መኝታ ጉዳይ ወንዶች በተኮለኮሉበት በር ላይ ማን ትጠይቃለች? ማሽኑ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ይመልሳል፣ አያሳፍርም፣ ለጎረቤት አያወራም። የትዳር ገመና የተጻፈበት መዝገብ ግን የማታውቀው አገር ውስጥ ተቀምጦ እንደሚቀር ብትረዳ ጥሩ ነው። በቡራዩ አንድ መስጂድ የሴቶች ጥያቄ በወረቀት ተጽፎ የሚገባበት ሣጥን ሠርቶ፣ መልሱን ኡስታዛዎች ከዐስር በኋላ ይሰጣሉ። ሣጥኑ በየሳምንቱ ይሞላል።

የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ከእሱ የምንጠብቀው አለ። በኒካሕ፣ በፍቺ፣ በዒዳና በውርስ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አጫጭር መልሶች ይውጡ፤ በየመልሱ ሥር የትኛው መዝሀብ እንደሆነና የአገሩ ሕግ ምን እንደሚል ይጻፍ። የወሎና የሐረር የዐጀም ኪታቦች ከሣጥን ይውጡና ይታተሙ። የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት የአማርኛ ሥርዓት ሲሠራ ዑለማውንም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንቱንም ያስቀምጥ። ቢያንስ ማሽኑ ከመመለሱ በፊት ‹‹የት ነሽ? መዝሀብሽ የትኛው ነው? ባልሽስ ምን ይላል?›› ብሎ መጠየቅን ይልመድ።

ሸዋል ሲገባ የኒካሕ ጥያቄ ይበዛል። ለሸዋል የያዛችሁ፣ ወሊዩ ማን እንደሆነ፣ መህሩ ስንት እንደሆነና ልጅቷ በራሷ አንደበት መፍቀዷን ከአሁኑ አጣርታችሁ ኑ። ከዚህ በፊት ትዳር የነበራት ከሆነች የተፈታችበትን ቀን ጽፋችሁ አምጡ። ከዐስር ሶላት በኋላ እስከ ኢፍጣር እንገኛለን፤ ሴቶች በሴቶች በር በኩል ኡስታዛዋን ያገኛሉ።