«ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፦ ለኮድ ጀማሪዎች

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሌላ ዓይነት ጽሕፈት፣ ኮምፒውተርን ስለምናዝዝበት ቋንቋ ነው። በምኖርበት በጉለሌ ኮድ መጻፍ የሚጀምሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ሳይዘልቁ የሚተዉትም እንዲሁ። ደጋግሜ የምሰማው ምክንያት «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» የሚል ነው። እኔ ግን ይህ ጀማሪውን ከደጃፍ ሊመልሰው አይገባም ባይ ነኝ።

መማሪያ አልጠፋም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው መርሐ ግብር በነጻ ትምህርት ተጀምሯል፤ የፓይተን ቋንቋ አዘጋጆች ያሰናዱት የጀማሪዎች መመሪያም ያለ ክፍያ ይነበባል። የጎደለው በራስ ቋንቋ እያሰቡ የመጀመር ድፍረት ነው።

ፓይተን በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሦስተኛ ዕትሙ ወዲህ ስሞችን በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። «ዋጋ = 50»፣ «ብዛት = 3» ብሎ ጽፎ ዋጋን በብዛት ማባዛት ይቻላል። እንደ «ኢፍ» እና «ፎር» ያሉት የቋንቋው ቁልፍ ቃላት በእንግሊዝኛ ይቀራሉ፤ ቁጥራቸውም 35 ነው። እንደ «ፕሪንት» ያሉ ጥቂት ትእዛዞች ቢጨመሩም፣ ይህን ያህል ቃል ማጥናት ማንንም አያቅትም።

ለፊደል ወዳጅ ደግሞ ጥሩ ትምህርት አለው። እኛ «ፀሐይ»ንና «ጸሀይ»ን አንድ አድርገን እናነባለን፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። በአንደኛው ሰይመን በሌላው ብንጠራው «ይህን ስም አላውቅም» ብሎ ይቆማል። የትኛው ትክክል እንደሆነ አይፈርድም፤ የመረጥነውን እንድንጠብቅ ብቻ ያስገድደናል። ሞክሼ ፊደላትን እንዳሻን ለምናቀያይር ለእኛ ከዚህ የሚብስ ጥብቅ አራሚ ከየት ይገኛል?

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ስለ ድርና ማግ በመስማት ብቻ ጥለት አላወጣም፤ እጁን አስለምዶ እንጂ። ጀማሪም አንድ መማሪያ ይምረጥ፤ ምሳሌዎቹን ቀድቶ ከመለጠፍ ይልቅ ፊደል በፊደል ይጻፋቸው። ቀጥሎ ከሰፈሩ ጉዳይ ትንሽ ሥራ ይሞክር፦ የዕቁብ ዕጣ የሚያወጣ ወይም የአንድ ነጠላን ዋጋ ከክሩና ከድካሙ የሚያሰላ።

«ኋላ እንግሊዝኛ ማስፈለጉ አይቀርም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከሌሎች ጋር ለሚሠራ ኮድ ያስፈልጋል። ነገር ግን ማሰቡን በአማርኛ የለመደ ሰው ያን ጊዜ የሚቀረው ቃሉን መማር ብቻ ነው።