የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከአያት በላይ
በእኛ ዘንድ ስም ከአያት አያልፍም። ቅድመ አያት መታወቂያ ላይ ቦታ የለውም፤ የእናት ወገንማ ከመነሻውም አልገባም። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ባለበት ቤት ይህ ብዙ አይጎዳም ነበር። አሁን ቆጣሪዎቹ እያለፉ ነው፤ የልጅ ልጆቹም ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ተበትነዋል። ይህን እትም ለቤተሰብ የሕይወት ታሪክ የሰጠነው ለዚህ ነው።

የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ የታተመው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ማርቀቃቸውን ከሌላ መጽሐፍም እናገኘዋለን፤ በልጅነታቸው ሩሲያ ሲኖሩ የተሰማቸውን ግን ከእሳቸው በቀር ማን ይነግረናል?

እኛ ግን በዚህ እትም ያደመጥነው ማዕረግ የሌላቸውን ነው። «መቼ ተወለዱ?» ሲባሉ «ጣሊያን የገባ ዓመት» የሚሉ እናት 1928ን መንገራቸው ነው፤ ጠያቂው ልብ ካላለ ያመልጠዋል። ስለ ቀይ ሽብር ሲጠየቁ ዝም የሚሉም አሉ። አታስጨንቋቸው፤ ከሰፈሩ፣ ከጎረቤቱ ጀምሩ። (መቅጃ የለኝም የሚል ሰበብ አይሠራም፤ ስልካችሁ ይቀዳል።) የአሮጌ ፎቶግራፎች ጀርባ ላይም ስም ጻፉ፣ በስሱ፣ በእርሳስ። የመጠይቁ ዝርዝር የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ ቆርጣችሁ ውሰዱት።